የደልዳላው ወለል ዳገት

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ጋሽ ጀሶ» እያለ የሚጠራቸው እኒህ ሰው እግር ሠሪ ናቸው። ነገሩን በአክብሮት እንናገረው ከተባለ፣ እግርን የሠራ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ጋሽ ጀሶ የሚሠሩት ለጎደለው መተኪያ ነው። ይህንን ልዩነት ከማንም ይልቅ የሚጠብቁት ራሳቸው ናቸው። አንድ ታካሚ ደስታው ገንፍሎ «ጋሼ፣ እግር ፈጠሩልኝ እኮ!» ያላቸው እንደ ሆነ፣ ፈጥነው ጣታቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉና «ዝም በል፣ እርሱ ይሰማሃል! እኔ የሠራሁት ፕላስቲክና ብሎን ነው» ይሉታል።

የሥራ ክፍላቸው በሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ረጅም ክፍል ነው። በአንደኛው ጫፍ የፕላስቲኩ ንጣፍ እስኪለሰልስ የሚሞቅበት ምድጃ አለ፤ በሌላኛው ጫፍ ታካሚዎች ይዘዋቸው የሚራመዱባቸው ሁለት ትይዩ የብረት ዘንጎችና ሰውን ከራሱ እስከ ጥፍሩ የሚያሳይ መስታወት ቆመዋል። በመካከል ያለው ሁሉ የጀሶ ግዛት ነው። በመደርደሪያዎቹ ላይ የብዙ ሰዎች ጉልበትና ቅልጥም በነጭ ጀሶ ተቀርጾ፣ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎበት፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይቀመጣል። ጋሽ ጀሶ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን፣ ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው «ግድግዳው መጣ! አራግፈህ ግባ፤ አለዚያ እዚያው ቁምና ሥዕል እንስቀልብህ» ይሏቸዋል።

ወደዚህ ሙያ የገቡት ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት፣ የሆስፒታሉን በርና መስኮት ሊጠግኑ በተቀጠሩበት ወራት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት አሮጌው እግር ሠሪ፣ ይህ ወጣት አናጺ የበር እጀታ ሲያለሰልስ በዓይኑ ሳይሆን በመዳፉ እየዳበሰ እንደሚፈርድ ተመለከቱ። «በር ቢጠብ ይላጋል፤ እግር ቢጠብ ሰው ያለቅሳል። ና፣ ከሚያለቅሰው ጋር ሥራ» ብለው ወሰዷቸው። በመጀመሪያ እግሩን ከእንጨት ይጠርቡ ነበር። ኋላ ፕላስቲኩ መጣ። ከዚያም በቁርጭምጭሚቱ ላይ አራት ብሎኖች ያሉት የብረት ዘንግ መጣ፤ ብሎኖቹን ጥቂት በማላላትና በማጥበቅ እግሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማዘንበል ይቻላል። ጋሽ ጀሶ ሁሉንም በየተራው ተማሩ፤ አንዱንም አልናቁ።

አንድ ነገር ግን ከማንም አልተማሩትም። ሌሎች ባለሙያዎች የታካሚን አካሄድ በዓይን ያያሉ፤ ጋሽ ጀሶ ግን ታካሚው በዘንጎቹ መካከል መራመድ ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያደምጣሉ። ከጥቂት እርምጃ በኋላም ዘወር ሳይሉ «በቀረው እግርህ ላይ ያጠለቅኸው ካልሲ አንድ ነው፤ አንድ ጨምርበት» ወይም «ክብደትህን ከእግሩ እየሰረቅኸው ነው፣ እመነው» ይላሉ። እንደ ተናገሩትም ሆኖ ይገኛል። ይህ ስጦታ ነበረ፤ ስጦታ በመሆኑም ጥቂት ሳይኮሩበት አልቀሩም።

ታካሚዎችን አካሄድ የምታለማምደው አሠልጣኝ፣ ከእርሳቸው ጋር ሃያ ዓመት ያህል የሠራች፣ ምላሷ የማይታማ ሴት፣ በዚህ ጉዳይ ሳትቀልድባቸው አታልፍም ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ታካሚው በመስኮት ዘሎ ይወጣል። እርስዎ ግን ግድግዳውን እያዩ 'መልካም ነው፣ ቀጥል' ይላሉ።»

«በመስኮት ዘሎ ከወጣማ እግሩ መልካም ነው ማለት ነው» ብለው ይመልሱላታል።

ታዲያ የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነችው መምህርት ወደዚያ ክፍል የመጣችው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ነው። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት በደረሰባት የመኪና አደጋ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች አጥታለች፤ ነፍሷን ስላተረፈላት ግን ፈጣሪዋን ስታመሰግን እንጂ ስታማርር የሰማት የለም። ጋሽ ጀሶ የቀረውን እግሯን በረጠበ ጀሶ ጠቅልለው፣ እስኪደርቅ ድረስ በሁለት መዳፋቸው እንደያዙት፣ እንደ ልማዳቸው «በዚህ እግር ምን ልትሠሪበት አስበሻል?» ብለው ጠየቋት።

«ክፍል ልገባበት ነው ጋሼ። ርእሰ መምህሩ ቁርጡን ነግረውኛል። በመክፈቻው ሰኞ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዩኛል። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ቆሜ፣ በተማሪዎቹ መካከል እየተዘዋወርሁ ካስተማርሁ ክፍሉ የእኔ ነው። ካልቻልሁ መዝገብ ቤት ወንበር አዘጋጅተውልኛል።»

«ሰውየው ጨካኝ ናቸው?»

«ኧረ ምን በወጣቸው! አዝነውልኝ ነው እንጂ። በተሽከርካሪ ወንበር እንዳልገባ፣ በዴስኮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ እንኳን ለወንበር ለእኔም አይበቃም። መዝገብ ቤቱም ክፉ ቦታ አይደለም። ግን ጋሼ፣ ፋይል አይጠይቅም። እኔ በቀን ውስጥ ሰባት ስምንት ጊዜ 'ለምን?' ካልተባልሁ የዋልሁ አይመስለኝም።»

ይህች ቃል የጋሽ ጀሶን ልብ ነካችው። ጀሶውን ከእግሯ ላይ ሲያወልቁ «በቀጠሮሽ ቀን በየቀኑ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ነይ፤ እግሩ የሚስተካከለው በእርሱ ነው» ብለው አሰናበቷት።

በቀጠሮዋ ቀን የመጣችው ጥቁር፣ መልክ የሚያሳይ፣ ተረከዙ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያለ የቆዳ ጫማ አድርጋ ነበር።

አሠልጣኟ ገና ከበር ስታያት «ውይ ጫማ! መምህራን እንዲህ ከሆናችሁ እኔ ሙያዬን ልለውጥ» አለቻት።

ጋሽ ጀሶም እንደ ደንባቸው «በየቀኑ የምታደርጊው ይህንን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ ጋሼ» አለች መምህርቷ፤ ዓይኗን ግን ወደ መስታወቱ መለሰችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለጋሽ ጀሶ ጆሮ ዜማ ነበረ። አዲሱን እግር በጫማው ላይ አስተካከሉት፤ መምህርቷ ዘንጎቹን ይዛ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች፤ በሦስተኛው ለቀቀቻቸው፤ በአምስተኛው ቀን ያለ ከዘራ በግቢው ውስጥ ዞረች። የሁለቱ እግሮች ኮቴ እኩል ነበር፤ አንዱ ከሌላው አይፈጥንም፣ አንዱ ከሌላው አይከብድም። ጋሽ ጀሶ ከግድግዳው ዘወር ብለው «በይ ሂጂ፤ ጨርሰሻል» አሏት።

ከዐሥር ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ቤቴ ዳገት ሆኖብኛል» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ዳገት። እዚህ ስራመድ ሜዳ ነው። ቤቴ ስገባ ግን ከአልጋዬ እስከ ወጥ ቤት ሽቅብ የምወጣ ይመስለኛል። ጉልበቴን ወደ ኋላ ይገፈትረዋል። ከወጥ ቤት ወደ አልጋዬ ስመለስም ያው ሽቅብ ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።»

አሠልጣኟ በመገረም «ሲኬድም ዳገት፣ ሲመጣም ዳገት? ይህ ቤት መቼ ነው ቁልቁል የሚወርደው?» አለች።

ጋሽ ጀሶ እግሩን አወለቁት፤ የቀረው እግሯ የሚገባበትን ማቀፊያ በጣታቸው ዳበሱ፤ የካልሲዎቹን ቁጥር ቆጠሩ፤ አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈተሹ። አንድም እንከን አላገኙም። አጥልቃ እንድትራመድ ካደረጓት በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ኮቴዋ እንደ ቀድሞው የተስተካከለ ነበር። ግራ ቢገባቸው «ጥቂት ቀን ታገሺው፤ ሰውነት አዲስ ነገር ሲለምድ ይሞግታል» ብለው ሸኟት።

በሳምንቱ ክርኗን በፋሻ አስራ መጣች። አሁንም ያንኑ ጥቁር ጫማ አድርጋለች፤ አሁንም በዘንጎቹ መካከል እንደ ሙሽራ ተራመደች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰባት ቀን ብቻ ቀርቶታል።

ያን ጊዜ ጋሽ ጀሶ የቀድሞ አናጺነታቸው ትዝ አላቸው። «የቤትሽ ወለል ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ ነው።»

«ሲሚንቶ ሲፈስ ውሃ ልክ ካልተያዘበት ያጋድላል። ነገ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔ ራሴ መጥቼ ወለሉን እለካዋለሁ።»

መምህርቷ ይህንን ስትሰማ ደነገጠች። «እርስዎ? እኔ ቤት?» አለች፤ ቀጥላም ለራሷ ያህል «ነገ ማክሰኞ…» ብላ የሆነ ነገር በልቧ አሰላች።

በማግስቱ ጋሽ ጀሶ የአናጺነት ዘመናቸውን ውሃ ልክ በክንዳቸው ሥር ይዘው፣ አሠልጣኟን አስከትለው ሄዱ። ቤቷ በአንድ ፎቅ ሥር ያለ፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ እንደ ደብተር ገጽ የጠራ ቤት ነው። መምህርቷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጥቁሩን ጫማ አድርጋ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ጋሽ ጀሶ ሰላምታቸውን እንዳደረሱ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ከአልጋው ሥር ጀምረው እስከ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ወለሉን ክንድ በክንድ ለኩት። በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ በየደረሱበት መካከሏን ይዛ ቆመች። ወለሉ ደልዳላ ነበር።

አሠልጣኟ ከላይ ሆና «ጋሼ፣ ከጨረሱ አይቀር ከሶፋው ሥር ያለውንም አቧራ ያንሡላት» አለቻቸው።

«እስቲ ተራመጂ» አሉ ጋሽ ጀሶ፣ ከወለሉ ላይ እየተነሡ።

መምህርቷ ከአልጋው እስከ ወጥ ቤት ሄደች። ተመለሰች። አልተንገዳገደችም፤ ጉልበቷም ወደ ኋላ አልሄደም። በጣም የተገረመችው ራሷ ናት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «አዩት ጋሼ? እርስዎ ሲኖሩ ወለሉ ይስተካከላል! ትናንት ማታ እኮ በዚሁ ነው የወደቅሁት። የእርስዎ በረከት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አለች።

ጋሽ ጀሶ እንደዚህ ያለውን ንግግር ወዲያው ሊቆርጡት በተገባቸው ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይቆርጡትም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ቃሏ በጆሯቸው ጣፈጠና አለፉት። ከዚያም የእግሩ ሥራ ፍጹም መሆኑን ጆሯቸው መስክሯል፣ ወለሉም ደልዳላ መሆኑን ውሃ ልኩ መስክሯልና፣ የቀረው ጥፋተኛ አንድ ብቻ መሰላቸው።

«ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እግሩም ደኅና ነው፣ ወለሉም ደኅና ነው። የሚጥልሽ ፍርሃት ነው። ሰው ሲያይሽ ትረሺዋለሽ፤ ብቻሽን ስትሆኚ ይመጣብሻል።»

መምህርቷ ራሷን ዝቅ አደረገች። «ይሆናል» አለች። ሁለቱም ሲወጡ ግን ፊቷ የተዘጋ መዝገብ መስሎ ነበር።

ያን ቀን ማታ በራት ሰዓት ጋሽ ጀሶ ምግቡን ይነካኩታል እንጂ አይበሉትም ነበር። ባለቤታቸው ጠየቋቸው፤ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯቸው።

«ይህች ልጅ ፈርታ ነው የወደቀችው ወይስ ወድቃ ነው የፈራችው?» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሽ ጀሶ የፊታቸውን ጀሶ ያላጠቡ መስሏቸው እንደገና ሊታጠቡ ተነሡ።

ዐርብ ጠዋት፣ ምድጃው ገና ሳይሞቅ፣ አንዲት ቁመናዋ የተስተካከለ፣ የሆቴል የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ትልቅ የጨርቅ ከረጢት ተሸክማ ገባች።

«እግር ሠሪው እርስዎ ነዎት?»

«እግር የሚሠራ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው። እኔ የምሠራው መተኪያውን ነው። ምን ልታዘዝ?»

«የመምህርቷ ታላቅ እህት ነኝ። ይህንን ለሚጠቅመው ሰው ስጡልኝ ብላለች።» ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ዛሬ ለመዝገብ ቤቱ ሥራ ልትፈርም ነው። ፍርሃት ነው ብለዋታል አሉ። እኔ እህቷ ልንገርዎት፤ ይህች ሴት በልጅነቷ እባብ በዱላ ያሳደደች ናት! ፍርሃት በየት በኩል ነው የገባባት?»

ጋሽ ጀሶ ከረጢቱን ፈቱ። እግሩ ከነጫማው ነበር። ጫማው ግን ያ ጥቁሩ አልነበረም። ግርጌው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ጎኑ ሁለት ሦስት ጊዜ የተሰፋ፣ በጠመኔ ብናኝ የነጣ፣ ተረከዝ የሚባል ነገር የሌለው ቡናማ ጫማ ነው።

«ይህ የማን ጫማ ነው?» አሉ።

«የእርሷ ነዋ! አራት ዓመት ሙሉ ሌላ አላደረገችም። እግሬን ያውቀዋል ትላለች።»

«ጥቁሩስ? ተረከዙ ከፍ ያለው?»

ሴትዮዋ ቀሚሷን ጥቂት ከፍ አድርጋ አንድ እግሯን ወደ ፊት ዘረጋች። ጥቁሩ ጫማ በእግሯ ላይ ያብረቀርቅ ነበር።

«ይሄኛውን ነው የሚሉት? የእኔ ነው! እዚህ ልትመጣ በተነሣች ቁጥር 'እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ' እያለች ትወስድብኛለች። ማክሰኞ ዕለት ጭራሽ እንግዳ ይመጣብኛል ብላ ከእግሬ ላይ አስወልቃኝ፣ እንግዳ ተቀባይዋ እኔ በነጠላ ጫማ ሥራ ገባሁ። አለቃዬ 'ከባንኮኒው ኋላ እንዳትወጪ' ብሎ ቀኑን ሙሉ እንደ ሐውልት አቁሞኝ ዋለ!»

አሠልጣኟ የያዘችውን ፋሻ ጣለች። «እኔ ደግሞ ጫማውን ሳደንቅላት!» ብላ ራሷን ያዘች።

ጋሽ ጀሶ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ነገሩ ከሙያው ሀ ሁ የተቆጠረ ነውና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። የሥጋ እግር ተረከዙ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል ቁርጭምጭሚቱን አጥፎ ራሱን ያስተካክላል፤ የተሠራው እግር ግን በተስተካከለበት ከፍታ ጸንቶ ይኖራል። ለከፍተኛ ተረከዝ የተስተካከለውን እግር ዝቅ ባለ ጫማ ላይ ያቆሙት እንደ ሆነ፣ ቅልጥሙ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ጉልበትንም ይገፈትራል። ባለቤቱም በደልዳላ ወለል ላይ ሲሄድም ሲመለስም ዳገት ይወጣል። መምህርቷ ከቃሏ አንድም የዋሸችው አልነበረም፤ ከዚያች ከአንዲቱ «አዎ ጋሼ» በቀር።

«አቤቱ ይቅር በለኝ» አሉ ጋሽ ጀሶ ቀስ ብለው። ከዚያም ብድግ አሉና የብሎን ቁልፋቸውን ከኪሳቸው ስበው አወጡ። «ስንት ሰዓት ነው የምትፈርመው?»

«አምስት ሰዓት።»

«እንሂድ!»

«ሥራ አለብኝ እኮ!»

«ዛሬም ቢሆን ከባንኮኒው ኋላ ነሽ፤ ማን ያይሻል?» አለች አሠልጣኟ፤ እህትየው ሳታስበው ሳቀች።

ሲደርሱ መምህርቷ ልብሷን ለብሳ፣ ክራንቿን በብብቷ ይዛ፣ የቤቷን በር ልትቆልፍ ስትል አገኟት። እግሯን በጋሽ ጀሶ እቅፍ፣ ጥቁሩን ጫማ በእህቷ እግር ላይ አየች። የሆነው ነገር ባይገባትም እንደ ተያዘች ገባት፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ቁጭ በይ። አስቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ጀሶ። እርሳቸው ግን ቆመው ቀሩ። «ከሠላሳ ሰባት ዓመት ወዲህ ሰው 'ወደቅሁ' ሲለኝ አምኜ ነው የኖርሁት። አንቺን ግን ጆሮዬን አምኜ አላመንሁሽም። የራሴን ጉድለት በአንቺ ልብ ላይ ጫንሁት። ይቅር በይኝ።»

መምህርቷ ከመቀመጫዋ ልትነሣ ቃጣች፤ «ኧረ እኔ ነኝ እንጂ! ያንን የተጣፈ ጫማ አድርጌ እርስዎን በሚያህል ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ? 'በየቀኑ የምታደርጊው ነው ወይ?' ሲሉኝ፣ 'አይደለም፣ ተውሼ ነው' እንዴት ብዬ ልመልስ? ጫማው ከወለሉ ጋር ጉዳይ እንዳለው በምን ልወቅ?»

«እስቲ የእኔን ጫማ እዪው» አሉ ጋሽ ጀሶ። አዩት። ከመጠን በላይ በጀሶ ስለ ተሸፈነ ጥቁር ይሁን ቡናማ ማንም ሊናገር አይችልም ነበር። «በዚህ ፊት ነው የምታፍሪው?»

አራቱም ሳቁ፤ ይቅርታውም በዚያው ተፈጸመ።

እግሩን ከነቡናማው ጫማ አጠለቀችው። ጋሽ ጀሶ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከአራቱ ብሎኖች የፊተኛውንና የኋለኛውን ብቻ ነኩ፤ አንዱን አላሉ፣ ሌላውን አጠበቁ። ቀና ብለውም ጉልበቷን አዩ። ዳግመኛ ሩብ ዙር ጨመሩ። በዚያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አልመለሱም፤ ከወለሉ ሳይነሡ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ሂጂ» አሏት።

ሄደች። ከአልጋው እስከ ወጥ ቤት፤ ከወጥ ቤት እስከ በር። በሩን ከፍታ ወደ ውጭ ወጣች፤ የፎቁን ግቢ አቋርጣ እስከ ውሃው ቧንቧ ደረሰች፤ የማትመለስ ይመስል ጥቂት ቆየች።

እህትየው ከበሩ ላይ ሆና «ኧረ ወዴት ልትሄጂ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ሜዳ ነው እትዬ! ሁሉም ሜዳ ነው!» አለች መምህርቷ ከማዶ።

የመዝገብ ቤቱ ወረቀት በዚያች ዐርብ አልተፈረመም። ሆኖም ጉዳዩ ገና አላለቀም። እግሩን ትክክለኛ በሆነው አቋሙ የምትለምድበት ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቀን ደግሞ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለመቆም አጭር ነው። አሠልጣኟ ሁለቱንም ቀን ቤቷ ድረስ እየሄደች አለማመደቻት። የወጥ ቤቱን ወንበሮች ደርድራ እንደ ዴስክ መተላለፊያ አደረገቻቸው፤ እርሷም ከኋላ ተቀምጣ አስቸጋሪ ተማሪ ሆነች። እሑድ ማታ ለጋሽ ጀሶ ስልክ ደውላ «ልጅቱ ሠላሳ ደቂቃ ቆማለች። ዐሥር ይቀራታል። እኔን ደግሞ ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጥታኛለች» አለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጀሶ ዘንድ አንድ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ያጣ ግንበኛ ልኬት ሊወሰድለት መጥቶ ነበር። ጀሶውን በጠበጡ፤ ውሃ አበዙበት፤ ደፍተው እንደገና በጠበጡ።

ግንበኛው ሲያይ ቆይቶ «አባት፣ ይህ ቡኬት እኔ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ከሥራ እባረር ነበር» አላቸው።

«እኔም ዛሬ መባረር ይገባኛል። ልቤ ትምህርት ቤት ነው ያለው» አሉና ነገሩን ነገሩት። ግንበኛው ታሪኩን ሲሰማ የራሱን ቀጠሮ ረሳው፤ ሁለቱም በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ ጀሶው በባልዲው ውስጥ ደረቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲበጠብጡ አሠልጣኟ «ከዚህ ክፍል ዛሬ እግር ሳይሆን ግድግዳ ነው የሚወጣው» አለች።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ጀሶ እጃቸው በጀሶ እንደ ተነከረ አነሡት። በመጀመሪያ የሰሙት የልጆች ጫጫታ ነው፤ ቀጥሎ የመምህርቷ ድምፅ፦ «አንተ! ከመስኮቱ ውረድ አልኩህ! …ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ። ምን ተባለ?»

«ተገሠጽሁ ጋሼ!»

ጋሽ ጀሶ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። «ለምን?»

«ደወሉ ከተደወለ በኋላ ስምንት ደቂቃ አስተምረሻል አሉኝ! ክፍልፋይ ሳልጨርስ እንዴት አድርጌ ልውጣ? 'ያንቺን ሰዓት አክብሪ፣ የቋንቋውንም መምህር ሰዓት አትብዪ' ብለው በተማሪዎቼ ፊት ሲወጡ ነገሩኝ።»

«ስለ እግርሽስ ምን አሉ?»

«ስለ እግሬ?» አለች መምህርቷ፤ ነገሩን ከሩቅ እንደምታስታውስ ሰው። «አላነሡትም። ኧረ እኔም ረስቼው ነበር። መጀመሪያ ላይ ጠረጴዛውን ይዤ ነበር፤ ኋላ ከኋለኛው ወንበር ሁለቱ ሲጎሻሸሙ አየሁና ሄድሁባቸው። ርእሰ መምህሩ አጠገባቸው ተቀምጠው እያሉ እኮ ነው! ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቀውም። እና ጋሼ፣ ይስሙኝማ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው ካሉኝ በኋላ በዚያው አፋቸው የአምስተኛ ክፍሉ መምህር ታሟልና የእርሱንም ያዢ አሉኝ። በሳምንት ሃያ ስድስት ክፍለ ጊዜ! ይህ ፍርድ ነው?»

«አይደለም» አሉ ጋሽ ጀሶ። «ረቡዕ ወደዚህ ብቅ በይና ብሎኖቹን እንያቸው።»

«ረቡዕ? ረቡዕ እኮ ስድስት ክፍለ ጊዜ ነው ያለኝ! እርስዎም እንደ ርእሰ መምህሩ ሰው የማይደክመው ይመስልዎታል?» አለችና፣ መልሳቸውን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ጋሽ ጀሶ ስልኩን ከነጀሶው አስቀመጡት። አሠልጣኟና ግንበኛው ዓይን ዓይናቸውን ያዩዋቸው ነበር።

«እና? ምን አለች?» አለች አሠልጣኟ።

ጋሽ ጀሶ ፊታቸው በነጩ ብናኝ ውስጥ በርቶ «ተቆጣችኝ» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተቆጣችኝ።»